በብርድ ልብሱ ወዲያና ወዲህ

የጫጩቶች መብረሪያ ወር፣ 2

ዛሬም በጨው ተጣላን። ተጣላን ማለት እንኳ አይቻልም፤ ለመጣላትም መነጋገር ያስፈልጋል። የልጄ ባል ቤቱን ለሁለት ከሚከፍለው ብርድ ልብስ ወዲያ ተቀምጦ ዓሣውን ቀመሰና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ዶርካስን፣ «አያትሽን፣ ጨው በዝቶበታል በያቸው» አላት። ዶርካስ ብርድ ልብሱን ገልጣ መጣችና ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ኖኮም፣ አባዬ ዓሣው በጣም ይጣፍጣል ብሏል» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

ጆሮ የለኝም እንዴ? ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሲያላምጥ እንኳ ይሰማኛል።

«ለአባትሽ፣ ሐይቅ ሙሉ ውሃ አለ፣ ይጠጣበት በይው» አልኳት።

ሄደች። «አባዬ፣ ኖኮም እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።»

ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከአሁኑ አስታራቂ ሆናለች። አማትና አማች አለመነጋገራቸው፣ ዓይን ለዓይን አለመተያየታቸው ክብር ነው፤ በዚህ አልማረርም። እናቴ ከእህቴ ባል ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ኖራለች፤ ሲሞት ግን እንደ እሷ ያለቀሰለት የለም። ነገሩ የሚያምረው ግን በመሃል አዋቂ ሰው ሲኖር ነው። ልጄ ፍሎራ እያለች የእሱን ለእኔ፣ የእኔን ለእሱ ታደርስ ነበር። በጸደይ ሳንባዋን ሊያክሟት ወደ ደቡብ ወስደዋታል። አሁን በዚህ ቤት ያለው ምላስ የዶርካስ ብቻ ነው።

የሱቁ ሰውዬ የጣለው ይህ ደብተር ግማሹ ባዶ ነው። ለሰው መናገር ካልቻልኩ ለእሱ እናገራለሁ።

5

ቄሱ መጣ። አዲሱ ነው፤ ጢሙ ገና በወጉ አልሞላም። አውሮፕላኑ በወሩ መጨረሻ ገደማ መጥቶ ሐይቁ ላይ እንደሚያርፍና ልጆቹን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ እንደሚወስድ ነገረን። ዶርካስ ዓምና በሳል ምክንያት ቀርታ ነበር፤ ዘንድሮ አትቀርም። ብርድ ልብሱን አየት አደረገና፣ ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር በመጋረጃ አይለያይም፣ ይህ የድሮ ከንቱ ነገር ነው አለ። ሻዬን ግን ጠጣ። ሁለት ኩባያ።

ሲወጣ፣ «አንቺ እኮ ራስሽን ማንበብ ያስተማርሽ ሴት ነሽ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ የትምህርት ነገር ለአንቺ ይገባሻል» አለኝ።

የበፊቱ ቄስም ይህንኑ ነበር ያለኝ። እዚህችው ደጃፍ ላይ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከብርድ ልብሱ ወዲያ ግን አንድ ቃል አልተሰማም። አባቷ አይደል? ቢያንስ አያስልም?

6

ትልቁን ድስቴን ወስዶ የጥድ ሙጫ አፈላበት። ሳይጠይቅ። የታንኳውን ስንጥቅ ሊደፍን ነው። በዚህ ወር ታንኳ የሚደፍን ሰው አይቼ አላውቅም፤ ወደ አደን ቦታችን የምንሄደው ዳክዬዎቹ ሲሰበሰቡ ነው። ከእንግዲህ በዚያ ድስት የበሰለ ሁሉ ጥድ ጥድ ይለናል። «ለአባትሽ፣ ድስት ከሰማይ አይዘንብም በይው» አልኳት። ምን ብላ እንዳደረሰችው እንጃ፤ ሲስቅ ሰማሁት።

9

ቢያትሪስ መጥታ ዋለች። የሟች ባሌ እህት ናት፤ ባሏ ሱቁ ውስጥ ስለሚሠራ በሬዲዮ የተሰማ ሁሉ ከማታው በፊት እሷ ዘንድ ይደርሳል፣ እሷ ዘንድ የደረሰ ደግሞ በማግስቱ መንደሩን ያዳርሳል።

ብርድ ልብሱን እያየች፣ «አንቺ ታድለሻል» አለችኝ። «የእኔ አማች እንዲህ ዝም ቢልልኝ መጋረጃውን በሐር አሰፋለት ነበር።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጁን የሚደብቅ ሰው በየወሩ ከመንግሥት የሚያገኛት የልጅ ድጎማ እንደምትቋረጥበት፣ ፖሊስም እንደሚመጣበት ነገረችኝ። የልጇ ልጅ ሌናርድ ይሄዳል። ምን እናደርጋለን አለች። «አንቺማ ትልኪያታለሽ አይደል? መጽሐፍ ወዳድዋ አንቺ፣ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።»

ዝም አልኩ። ለምን አልመለስኩላትም? ለቢያትሪስ መናገር ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ መጮህ ስለሆነ ነው። ግን ዝምታዬንም እኮ ይዛው ትሄዳለች።

11፣ ማታ

ግድግዳችን ነፋስ እንዳያስገባ በጋዜጣ የተለበጠ ነው። በራሳችን ፊደል ማንበብ ያስተማረችኝ አያቴ ናት። የእንግሊዝኛውን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከዱቄት ከረጢት፣ ከሻይ ቆርቆሮና ከዚህ ግድግዳ ለቃቅሜ ነው። ባሌ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ሚስቴ ግድግዳ ላይ ስታፈጥ ብታገኟት አትደንግጡ፣ ደህና ናት» ይል ነበር። ኤላይጃ ልጄ ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ ፊደሎቹን ይከተል ነበር። ከምድጃው በላይ የባቡር ሥዕል አለች፤ ጣቱ ስብ ነበረውና ሥዕሏ ላይ ምልክቱ ቀርቷል። ጋዜጣውን ስንቀይር ያቺን አላስነካም።

ያን ጊዜ አውሮፕላን አልነበረም፤ ልጆቹን የሚወስደው ትልቁ ጀልባ ነበር። ባሌ አይሂድ አለ። እኔ ያነበብኩትን ያህል እንኳ ያንብብ አልኩ። ቄሱም ከእኔ ጋር ነበር። ኤላይጃ ጀልባው የሚታሰርበትን ግንድ አቅፎ አልለቅም ሲል ቄሱ፣ ቶሎ ጨርሺው፣ ይሻለዋል አለኝ። የልጅ ጣት ትንሽ ይመስላል እንጂ አንድ በአንድ ካልሆነ…

ስለ መረቡ ልጻፍ። መረቡ ሁለት ቦታ ተቀዷል። አንዱን ሰፍቼዋለሁ።

በሚቀጥለው በጋ ጀልባው ልጆቹን መለሰ። ባዶ እስኪሆን ቆሜ ጠበቅሁ። ባዶ ከሆነ በኋላም ቆሜ ነበር። ማንም ቀድሞ የነገረን የለም።

ፍሎራን እኔ አልላክኋትም፤ እሷን ፖሊስ ነው የወሰዳት። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ እላለሁ። ስትመለስ መረብ መጣል አታውቅም፤ በራሷ ቋንቋ ራበኝ ለማለት ግራ ቀኝ ታይ ነበር፣ የሚማታ ሰው ይኖር እንደሆነ።

13

ዶርካስ ዛሬ ውሃ ስንቀዳ፣ «ኖኮም፣ አባዬ በአውሮፕላኑ ትሄጃለሽ ብሎኛል» አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ። ባልዲው ከእጄ ወደቀ።

ይኸው ነው እንግዲህ። ለዚህ ነበር ዝምታው። ማታ ማታ ጎንበስ ብሎ የአጋዘን ቆዳ ጫማ እየሰፋላት ነው፤ ውስጡን በጥንቸል ፀጉር ለብዶታል። ለትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በሩ ላይ የለበሱትን ሁሉ አውልቀው እንደሚያቃጥሉት ፍሎራ አልነገረችውም? ከእኔ ጋር ባይነጋገር ከሚስቱም ጋር አይነጋገርም ነበር?

እኔም ደግሞ የባሌን ካፖርት ቀድጄ ለእሷ ልክ መስፋት ጀምሬአለሁ። 

14

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በማን ልንገረው? «ዶርካስ፣ ለአባትሽ፣ ልጅቷን እንደብቃት በይው» ልበላት? ያለችኝ መልእክተኛ አንድ፣ ያለኝም መልእክት አንድ፤ እሱም እሷ ልትሰማው የማይገባ። በመንደሩ ለጓደኞቿ ትለፈልፈዋለች። ቢያትሪስ አትሆንም። ዶርካስ ከቤት ስትወጣ ደግሞ እሱም ብድግ ብሎ ይወጣል፤ ከአማቱ ጋር ብቻውን አይቀመጥም። ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ሊያሳብደኝ ነው።

16

ጭስ። በስተምዕራብ ደኑ እየተቃጠለ ነው። ማዶው አይታይም። ጭሱ እስኪገለጥ አውሮፕላኑ አይመጣም ተብሏል። እሰይ።

ከማድረቂያው ላይ ዓሣ ጎድሏል። ብዙ ነው። ዱቄቱም ቀንሷል። ውሻ ነው እንዳልል ውሻ ዱቄት በከረጢት አይወስድም። ይሸጠው ይሆን? የጥይቱ ሳጥንም ከቦታው የለም። ይህ ሰው ምን እየሠራ ነው? ቤቱን እያራቆተ ታንኳውን ሲዳብስ ይውላል።

18

ዶርካስ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ቤቱን ስትዞር ዋለች። አውሮፕላን ናት። ትልልቆቹ ልጆች ከላይ ሲታይ ሐይቁ ሳህን ያክላል ብለዋታል። መስኮት ጋ ልቀመጥ እላቸዋለሁ ትለኛለች። አባትሽ መቼ ነው ትሄጃለሽ ያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «ያኔ» አለችኝና ወደ ውጭ በረረች።

ትምህርት ቤቱ ምን እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ለሰባት ዓመት ልጅ ምኑ ይነገራል? የወንድሜ መስኮት የት ነበር ብትለኝስ? ወንድሟ አይደለም፤ ኤላይጃ አጎቷ ነው። ሁልጊዜ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ ነው የምሳሳተው።

20፣ ጠዋት

ነፋሱ ዞረ። ጭሱ ተነሳ። ማዶው ይታያል። ቢያትሪስ እየሮጠች መጣች፤ ባሏ በሬዲዮ ሰምቷል። ነገ።

ካፖርቱ አንድ እጅጌ ይቀረዋል።

እሱ ታንኳው ጋ ነው። ዛሬም ታንኳው ጋ!

20፣ ማታ

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ዶርካስን መርፌ መልሺ ብዬ ወደ ቢያትሪስ ላክኋትና ወደ ውሃው ወረድኩ። ታንኳው ተገልብጦ ሙጫው ደርቆ ያበራል። ጫማዬን እንዳየ አጎነበሰና ሊሄድልኝ ተነሳ፣ እንደሚገባው። ጀርባዬን ሰጠሁት። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። 

ለሐይቁ፣ «ታንኳ ካለቀ ለምን ይቆማል?» አልኩት።

ከኋላዬ እርምጃው ቆመ።  ከዚያ ድስቴን ሲያነሳ ሰማሁ፤ ለድስቱ ነው የተናገረው። «አያቷ በአውሮፕላኑ ትሂድ ብለዋል። ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች። ስንቁን ሐይቁ መሃል ባለው ደሴት ላይ ደብቄ ከጨረስኩ ቆይቷል። ግን ልጅን ከአያቷ እጅ ሰርቄ እንዴት እሄዳለሁ?»

 «እኔንም፣ አባዬ ትሄጃለሽ ብሎኛል ነው ያለችኝ» አልኩት ለሐይቁ።

 ከኋላዬ የሳቅ ይሁን የለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። አልዞርኩም። «መስኮቱን ፈልጋ ነው» አለ ለድስቱ።

ያቺ ምላስ! ጨዉን ወደ ጣፋጭ ስትለውጥ የሳቅነው እኛ ነን፤ ይኸው። ስንት ሌሊት፣ እሱ ወዲያ እኔ ወዲህ፣ እያንዳንዳችን ሌላውን ስንረግም። የሠራውን ጫማ ልቀድ መቀስ አንስቼ ነበር። የሰፋሁትን ካፖርት እያየ እሱስ ምን ያህል ተቃጥሎ ይሆን።

«አንድ ልኬአለሁ» አልኩ። «ሁለተኛ አልልክም።» ውሃው ነው የሰማኝ።

ድስቱን፣ አሮጊቷም ይመጣሉ ወይ ብሎ ጠየቀው። አሮጊቷ ትቀራለች አልኩ። ቤቱ ባዶ ከተገኘ በዚያው ቀን ይከተሏችኋል፤ በሩን ከፍቶ ሻይ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል።

ሳልዞር ወደ ቤት ወጣሁ። እጅጌውን በችኮላ በሰፋፊ ስፌት እየሰፋሁ ነው። አያምርም፤ መተርተሩም አይቀርም።

21

ጎህ ሳይቀድ ሄዱ። ከእነ እንቅልፏ በካፖርቱ ጠቅልሎ ተሸከማት። ጫማው በእግሯ ላይ ነበር።

አውሮፕላኑ ፀሐይ ከፍ ስትል መጣ። ቄሱ ዶርካስስ አለኝ፤ ከአባቷ ጋር ዓሣ ልታጠምድ ወጥታለች አልኩ። አብራሪው ሰዓቱን ያያል። ቄሱ አንገቱን አስግጎ ሐይቁን ይቃኛል። ቢያትሪስ የሌናርድን ፀጉር በውሃ እያረጠበች አበጠረችው፤ ደጋግማ፤ ማበጠሪያውን አላስቀመጠችም። ሌናርድን ማንም አልጎተተውም። ራሱ ነው እየዘለለ የገባው፣ መስኮት ጋ፣ መስኮት ጋ እያለ።

ለቢያትሪስ አልነገርኳትም። ታንኳው ላይ ለአንድ ወንድ ልጅ ቦታ ነበረው። ትለፈልፋለች ብዬ ነው። እንደዚያ ነው ምክንያቱ፣ ሌላ የለውም።

24

ፖሊሱ ከቄሱ ጋር መጣ። ቢያትሪስም ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚሁ መጥታ ትቀመጣለች፣ አታወራም። ፖሊሱ በደህና እንግሊዝኛ፣ አማችሽ ወዴት እንደሄደ ምን ብሎሻል አለኝ።

ምንም አላለኝም አልኩ። ከእኔ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም።

«እንዴት? አንድ ቤት አይደለም የምትኖሩት?»

«አንድ ቤት ነን። ልጄን ካገባ ጀምሮ አንድ ቃል ነግሬው አላውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም።»

ፖሊሱ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ቀልቶ ብርድ ልብሱን አሳየው፤ እውነቷን ነው፣ አረመኔያዊ ልማድ ነው፣ ላስተዋቸው ደክሜአለሁ አለ። ከመጣ ጀምሮ ለእኔ ያደረገው መልካም ነገር ይህ ነው።

ፖሊሱ ቢያትሪስን አያት።  የዚያን ዕለት ወደ ውሃው ስወርድ ከደጃፏ ይታያል፤ ዶርካስም መርፌውን ይዛ እሷ ዘንድ ነበረች። ቢያትሪስ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ፣ «ይቺና አማቿ? ሁለት ድንጋይ አስቀምጠህ ብትጠብቅ ድንጋዮቹ ቀድመው ያወራሉ» አለችው። አልሳቀችም።

ፖሊሱ እየተነጫነጨ ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ሐይቆቹ ብዙ ናቸው።

ከሄዱ በኋላ ቢያትሪስ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

የፖሊሱን ኩባያ አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ። 

አጋዘኖች የሚፋለሙበት ወር፣ 10

ድጎማው ተቋረጠ ተባልኩ። ይቋረጥ። ብርድ ልብሱን አላወረድኩትም። ምግብ ስቀምስ ጨዉ እንዴት ነው ብዬ ቆም እላለሁ። ወዲያ በኩል ማንም አያስልም። ጉሮሮውን ሲጠርግ እንዴት እንዳበሸቀኝ! አሁን ዝምታው ነው የሚያበሽቀኝ።

22

ቢያትሪስ ማንበብ አስተምሪኝ አለች። በስልሳ ዓመቷ። ሌናርድ ደብዳቤ ቢጽፍ ለባሌ አሳይቼ መንደሩ እንዲሰማው አልፈልግም አለች። ይህን ከእሷ አፍ ሰማሁት። በራሳችን ፊደል ላስጀምርሽ ስላት፣ እዚያ በእሱ አያስጽፉትም አለችኝ። እውነቷን ነው። የእንግሊዝኛውን ከግድግዳው ጀመርን። ሠላሳ ጊዜ ብነግራት ሠላሳ ጊዜ ትረሳለች፤ ከዚያ እኔን ትቆጣኛለች። የባቡሯን ሥዕል ስትደርስ በጣቷ ልትነካት ነበር፤ እጇን ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅሁት። ትንካት።

ሐይቁ በበረዶ የሚጋገርበት ወር፣ 8

ዛሬ ጠዋት የውሾች ጩኸት። በመስኮቱ አየሁት፤ የልጄ ባል ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ የበረዶ ሸርተቴውን የሚጎትቱትን ውሾች ማሰሪያ ያስተካክላል። ፊቱን አላሳየኝም፤ ከሥቶ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።

ዶርካስ ገባች። አድጋለች። እጅጌው ተተርትሯል፣ ብዬ ነበር። አቅፌ ከጨረስኩ በኋላ ጆሮዋን ያዝኩና ከእንግዲህ የተባልሽውን እንዳለ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ታደርሻለሽ አልኳት። አባዬም ይህንኑ ብሎኛል አለች፤ አስምሎኛል። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ እየተጠነቀቀች፣ «ለኖኮም እንዲህ በያቸው ብሏል፦ ‹ሸርተቴው ካለቀ ለምን ይቆማል?›» አለችኝ። «ምን ማለት ነው? እኔ አልገባኝም።»

«ገብቷታል በይው» አልኩ።

ፍሎራ ደብዳቤ ብትልክ ቢያትሪስ ትቀበላለች፤ አሁን አድራሻውን ማንበብ ትችላለች፣ ከሞላ ጎደል። የቤቱን ቁልፍ ሰጠኋት። ሌናርድ በበጋ ሲመለስ ወዴት እንደሚመጣ ነገርኳት፤ የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ሐይቅ፤ ሁሉንም። ለማንም አትናገሪ አላልኳትም። ብርድ ልብሱን አውርጄ አጥፌዋለሁ፤ እዚያም መሰቀል አለበት። ድስቱንም ይዤአለሁ፤ አሁንም ጥድ ጥድ ይሸታል።

ወዲያ ይጣደፋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይጠብቅ።

ዶርካስ ከሁሉ ቀድማ ሸርተቴው ላይ ወጥታለች። ሻይ ጠጪ ብላት አልወርድም አለችኝ፤ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ትያዝ።